ለተማሪ ሰባት ቅዳሜ

ሀምበሪቾ ዱራሜ ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ሲቀላቀል፣ ከከምባታ ውጭ ያለ ብዙ የኳስ ወዳጅ የዱራሜን ስም ደጋግሞ የሰማው ያኔ ነው። ቆይታው አጭር ነበር። አብሮት ያደገው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በገባበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ሀምበሪቾ ከሌላው አዲስ ገቢ ከሻሸመኔ ከተማ ጋር ወደ መጣበት ተመለሰ። ስለ ውጤቱ ሌሎች ይከራከሩ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች የሚካሄዱት ክለቦቹ በየተራ በሚሰባሰቡባቸው ጥቂት ከተሞች ነው፤ በዚያ ዓመትም እነ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ ባለተራዎቹ። ስለዚህ የዱራሜ ሕዝብ በከተማው ስም የሚጠራውን ቡድን በትልቁ ሊግ አንድ ቀን እንኳ በሜዳው ሳያስተናግድ፣ በቴሌቪዥን መስኮት አይቶ ሸኘው። በሀገራችን የአብዛኛው ክለብ ወጪ የሚሸፈነው ከከተማ ወይም ከዞን አስተዳደር ካዝና መሆኑ የታወቀ ነው። ገንዘቡ ከአካባቢው ይወጣል፣ ጨዋታው ግን ርቆ በሌላ ከተማ ይታያል።

ይህን የማነሳው ክለብ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ሆሳዕና በሀዲያ ሆሳዕና፣ ዱራሜም በሀምበሪቾ መኩራታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ትንሽ ከተማ የወለደቻቸውን ልጆች፣ በገዛ ሜዳዋ፣ በየሳምንቱ ሲጫወቱ ልታይ የምትችለው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ በኩል ነው። ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ልጅ አላቸው፣ መምህር አላቸው፣ ይብዛም ይነስም ሜዳ አላቸው፤ የሚጫወቱበት ጊዜ ግን አልተቆረጠላቸውም። ዱራሜንና አቻዎቿን የጎደላቸው ተሰጥኦም ስታዲየምም አይደለም፣ መርሐ ግብር ነው የምለው ለዚህ ነው። መስከረም ላይ ተዘጋጅቶ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ፣ እግር ኳሱ ከዚህ ቅዳሜ እስከዚያ ቅዳሜ፣ ቅርጫት ኳሱ ከዚያ በኋላ እስከዚህ ድረስ የሚል፣ ድንገተኛ ስብሰባ የማይሰርዘው መርሐ ግብር።

አሁን ያለው አሠራር ምን ይመስላል? የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲባል በአብዛኛው የምናውቀው የጥቂት ቀናት ግርግር ነው። ደብዳቤ ከላይ ይመጣል፤ የስፖርት መምህሩ በሳምንት ውስጥ ቡድን እንዲያዋቅር ይታዘዛል፤ ልጆቹ ተሰባስበው በአንድ ከተማ ይሰነብታሉ፤ አሸናፊው ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ያልፋል። የተሸነፈው ማሊያውን አጥቦ ያስረክብና እስከ ከርሞ ደህና ሰንብት ይባላል። ዓላማው መምረጥ እንጂ ማጫወት ስላልሆነ፣ ውድድሩ በባሕርዩ ብዙዎችን በፍጥነት የሚያሰናብት ነው። በከምባታ ዞን ያሉትን ከተሞች እንውሰድና እናስላ፤ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ አንጋጫ፣ ዶዮገና፣ ዳምቦያ፣ ሐደሮና አዲሎ። ከየከተማው አንድ ትምህርት ቤት ቢሰለፍ ሰባት ቡድን ይሆናል። በጥሎ ማለፍ ሰባት ቡድን ማለት በጠቅላላው ስድስት ጨዋታ ነው፤ ሦስቱ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ዓመቱ ያልቅባቸዋል። እነዚያው ሰባት ቡድኖች እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ቢገናኙ ግን ሃያ አንድ ጨዋታ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስድስት ጊዜ ይጫወታል፣ በየሳምንቱ አንዱ እያረፈ ውድድሩ በሰባት ቅዳሜ ይጠናቀቃል። ስድስትን ወደ ሃያ አንድ የሚያሳድግ ወጪ አለው ወይ? አዎ፣ አለው፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ሜዳው፣ ኳሱ፣ መምህሩና ልጁ ግን ያው ናቸው።

ልዩነቱ በቁጥር ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በጥሎ ማለፍ የሚሰለፈው አሰልጣኙ የሚተማመንበት አሥራ አንድ ልጅ ነው፤ ተቀያሪው ወንበር ላይ ቆይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ምክንያቱም አንድ ስህተት ዓመቱን ይዘጋል። ሊግ ውስጥ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተሸነፈ ቡድን አራተኛው ሳምንት አለው። በረኛው የሳተውን ኳስ በስድስት ቀን ልምምድ የማረም ዕድል ያገኛል። መምህሩም ቢሆን በሌላ ጊዜ አይቶት የማያውቀውን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ለሃያ ደቂቃ ሊሞክረው ይደፍራል። ልጅ የሚማረው እንዲህ ነው፣ ሒሳብም ይሁን ኳስ። ስለ ዕድሜና ስለ "ተማሪ ያልሆነ ተማሪ" የሚነሳው የዘወትር ስሞታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እስከ ማስመርመር የደረሰው ችግሩ የሁሉም ሀገር ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ በአራት ቀን ግርግር ውስጥ ከመንደር የተጠራ ጎረምሳ የትምህርት ቤቱን ማሊያ ለብሶ ጎል አግብቶ ቢጠፋ ማን ያውቀዋል? ሰባት ሳምንት ሙሉ በየሰኞው ክፍል ውስጥ መገኘት ያለበትን ልጅ ግን አብረውት የሚቀመጡት ያውቁታል ወይም አያውቁትም፤ ከነሱ የተሻለ መርማሪ የለም።

የቅርጫት ኳሱን ጉዳይ ሰው ሁሉ በንቀት ያልፈዋል፤ እኔ ግን የክርክሩ ጠንካራ ክፍል እሱ ነው እላለሁ። ጨዋታው የተፈጠረው አየሩ ሜዳውን ለሚዘጋበት ጊዜ መፍትሔ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወወክማ ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ጄምስ ናይስሚዝ፣ የእግር ኳሱ ጊዜ አልፎ የበጋው ጨዋታ እስኪመጣ ድረስ ሥራ ፈትተው የሚያስቸግሩት ተማሪዎች ነበሩበት፤ በበረዶ ወራት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር እንዲፈልግላቸው ታዘዘ። የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሰቅሎ የጀመረው ነገር ዛሬ የምናውቀው ነው። በእኛ ሀገር የበረዶ ወራት የለም፤ በከምባታና በሀዲያ ግን በልግ አለ። ከመጋቢት ጀምሮ የሚወርደው ዝናብ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ጭቃ ያደርገዋል፤ ከባህር ዛፍ የቆመው ጎል ሥር ውኃ ይቋጥራል፣ በኖራ የተሰመረው መስመር በአንድ ሌሊት ይጠፋል፣ ታኬታ ያለው ልጅ ይንሸራተታል፣ በሸራ ጫማ የሚጫወተው ደግሞ ጫማውን እጁ ላይ ይዞ ይወጣል። በሲሚንቶ የተሠራ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን ዝናቡ ካባራ ከሰዓት በኋላ ተጠርጎ ይጫወቱበታል። ስለዚህ ሰማዩ ራሱ መርሐ ግብሩን ሰጥቶናል። መሳላ (የከምባታ የመስቀል በዓል) ካለፈ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ለእግር ኳስ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ለቅርጫት ኳስ። የፋሲካው ቅዳሜ ቢዘለልም ከሁለት ወር ውስጥ ሰባት ቅዳሜ አይጠፋም፤ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ለፈተና ዝግጅት ነጻ ይሆናሉ።

የመሬቱን ነገር ደግሞ አስቡት። ከምባታ በሀገሪቱ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የእንሰት ጓሮ ከእንሰት ጓሮ ጋር ተያይዞ በሚኖርበት ምድር ለትምህርት ቤት ሁለተኛ የእግር ኳስ ሜዳ ስጡ ማለት ከባድ ነው። ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፣ የቅርጫት ኳሱ 28 በ15። በአንዱ የእግር ኳስ ሜዳ ስፋት አሥራ ሰባት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይገባል። መሬት ለጠበበው ከተማ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም ማለት ይቻላል፤ መረብ ኳስ ካልሆነ። ሆኖም በየትምህርት ቤቱ የምናየው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ቀለበት የተጣመመ፣ የሌላው ሰሌዳ የወለቀ፣ መረብ የሚባል ነገር ያልነካው ነው፤ የሰልፍ ቀን ተማሪ ይቆምበታል፣ ሠርግ ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል። በሀምበሪቾ ተራራ ላይ 777 ደረጃ ሠርቶ ጎብኚ የሚጠራ አካባቢ ሁለት ቀለበት ማቃናት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ያልተቃናው የሚጫወትበት ቀን ስለማይታወቅ ነው። መጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ ሺንሺቾ እንግዳ ሆኖ ይመጣል ከተባለ፣ የካቲት ውስጥ ብየዳ ቤት የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

እዚህ ላይ የሚነሳውን አንድ ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ተሰጥኦ ያለው ራሱ መንገዱን ያገኛል፣ እግር ኳስ ተጫዋቿ ሎዛ አበራ ያለ ምንም ሊግ ከዱራሜ ወጥታ የለም ወይ? እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በዱራሜ የተወለደችው ሎዛ በሐዋሳና በደደቢት በኩል አልፋ በስዊድንና በማልታ ተጫውታለች፤ በማልታው ቢርኪርካራ ሻምፒዮንና ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ ሆናለች፤ ከዚያ በንግድ ባንክ ማሊያ ሀገሯን በአህጉራዊ ውድድር አስጠርታ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዋሽንግተን ለሚገኘው ዲሲ ፓወር ፈርማለች። ታሪኳ ግን የሚያስረዳው ተቃራኒውን ነው። አንዲት ልጅ ሁሉንም እንቅፋት ተሻግራ ስትወጣ የምናየው እሷን ብቻ ነው፤ ከእሷ ጋር እኩል የጀመሩትንና አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆሙትን ልጆች የሚቆጥር የለም። ኳስ ባይሠምርላቸው እንኳ ሊጉ በትምህርት ቤት ሁለት ዓመት የመቆየት ምክንያት ይሆን የነበረው ለእነሱ ነው። ለሴቶች ልጆች ደግሞ የቀኑ መታወቅ ከወንዶቹ ይልቅ ይጠቅማል። የወንድ ልጅ ጨዋታ ሳይታሰብ ይጀመራል፤ ትምህርት ሲያልቅ ኳስ ይወረወራል፣ ሜዳ ይሞላል። ውኃ መቅዳት፣ እንሰት መፋቅ፣ ታናናሾችን መያዝ የሚጠብቃት ልጅ ግን በድንገት ልትቀር አትችልም፤ ከእናቷ ጋር ከሳምንት በፊት መነጋገር አለባት። "ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ጨዋታ አለኝ፣ ዓርብ ማታ ውኃውን ሞልቼ አድራለሁ" ብላ የምትደራደርበት ወረቀት ትምህርት ቤቱ ቢሰጣት ትልቅ ነገር ነው። የሴቶቹ ጨዋታ በጠዋት፣ ከወንዶቹ አስቀድሞ፣ በዚያው ሜዳ፣ ነጥቡም በአንድ ሠንጠረዥ ተደምሮ የትምህርት ቤቱ ደረጃ የሚወሰን ቢሆን ደግሞ ማንም ርዕሰ መምህር የሴቶቹን ቡድን ለይስሙላ አያቋቁምም።

ስፖርት ሴት ተማሪን ይጠቅማል የሚባለው ከምኞት ያለፈ ማስረጃ አለው ወይ ለሚል፣ አንድ ጥንቁቅ ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው ሕግ ትምህርት ቤቶች ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ዕድል እንዲሰጡ ስታስገድድ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚሳተፉ ሴቶች ቁጥር ከ300 ሺህ በታች ተነሥቶ በጊዜ ብዛት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ደርሷል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ቤትሲ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጥናት ያደረገችው ብልህ ነገር፣ ተጫዋቾችን ካልተጫወቱት ጋር አለማወዳደሯ ነው፤ እንደዚያ ቢሆን "ድሮም ጎበዞቹ ናቸው የሚጫወቱት" ተብሎ ውድቅ ይሆን ነበር። ይልቅ ሕጉ አንዳንድ ግዛቶችን ከሌሎቹ ይበልጥ እንዲለወጡ ማስገደዱን ተጠቅማ ግዛትን ከግዛት አነጻጸረች። የሴቶቹ ተሳትፎ በ10 ነጥብ ከፍ ባለበት ኮሌጅ የሚገቡት ድርሻ በ1 ነጥብ ገደማ፣ ሥራ ላይ የሚሰማሩት ደግሞ ከ1 እስከ 2 ነጥብ ጨምሮ አገኘችው። ዱራሜ አሜሪካ አይደለችም፤ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጠን አንጠቀምበትም። አቅጣጫውን ግን የሚቃወም ነገር በእኛ በኩል ቀርቦ አላየሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚህ ላይ ደግሞ ኳስ? አንድ ወላጅ እንዲህ ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ብሔራዊ ፈተናው ውስጥ ስለማይገባ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ቢሰጥ የሚመርጥ ርዕሰ መምህርም ብዙ ነው። ሆኖም ቁጥሮቹን መለስ ብለን እንያቸው። እነዚያ ዓመታት ትምህርት ቤቶቻችን በስፖርት የሰከሩባቸው ዓመታት አልነበሩም፤ ኳስ በሌለበት ነው የወደቅነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት መጫወት ልጁን ከመጽሐፍ ነጠቀው ለማለት፣ ያንን ሁለት ሰዓት በመጽሐፍ ላይ ያሳልፈው እንደነበር ማሳየት ያስፈልጋል። እኔ እንደማየው ቅዳሜውን የሚወስደው ስልኩ፣ የአውሮፓ ሊግ የሚታይበት ቤትና የኳስ ውርርዱ ነው። ኳሱማ አለ፤ ልጁ የለንደንን ጨዋታ ከነተቀያሪው ያውቃል፣ የራሱን ትምህርት ቤት ግን ማን እንዳሸነፈ አይጠይቅም፣ የሚጠየቅ ነገር ስለሌለ። ትምህርት ቤት ሊጉን ቢይዘው ደግሞ ዛሬ የሌለው መያዣ ይኖረዋል፤ በሳምንቱ ከክፍል የቀረ ልጅ ቅዳሜ አይሰለፍም። ይህ ደንብ በአራት ቀን ውድድር ሊሠራበት አይችልም። ሰባት ሳምንት ሲሆን ግን ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የበለጠ ልጁን ክፍል ያስገባዋል፤ እሱ ቢዘነጋ እንኳ ጓደኞቹ እየጎተቱ ያመጡታል። ፈተናውን ካላለፉት ዘጠና ከመቶ በላይ ከሆኑት ወጣቶች ጋር በተያያዘም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ትምህርት ቤት ለእነሱም ነው የተሠራው። አራት ዓመት ውለው አድረውበት ይዘውት የሚወጡት ውጤት አልባ ካርድ ብቻ ከሆነ በደል ነው።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ይህ ጉዳይ ሌላም ክብደት አለው። ከዚህ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው የወጣት ጎርፍ ከሃያ ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ የሚያልፈው መንገድ ምን እንደሚበላ በየቤቱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ኢትዮጵያውያን ተገኝተዋል፤ በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬኖች መንገድ ዳር ተጥለው ታይተዋል። የትምህርት ቤት ሊግ ይህን ያስቆማል ማለት በሙታን መቀለድ ነው። የሚሄደው ሰው የሚሄደው በሥራ ማጣትና በመሬት ጥበት ተገፍቶ፣ ቀድመው የሄዱት በላኩት ገንዘብ የተሠራውን ቤት በየቀኑ እያየ ነው። ነገር ግን ደላላው ለአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ ይዞለት የሚመጣው ነገር ቀን የተቆረጠለት ዕቅድ ነው፤ በዚህ ወር ትነሳለህ፣ እዚህ ታድራለህ፣ እዚያ ሰው ይቀበልሃል። ከተማው በበኩሉ ለልጁ ምን ቀን ቆርጦለታል? አሥረኛ ክፍል የሚያቋርጥ ልጅ ውሳኔውን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ማንም በማይጠብቀው ሳምንት ነው። የሚጠብቀው ቡድን፣ የሚጠይቀው አሰልጣኝ፣ ቅዳሜ የሚያየው ተመልካች ቢኖር ውሳኔው ቢያንስ ይዘገያል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ አንድ ዓመት መዘግየት ቀላል አይደለም።

በተቃራኒ ጫፍ ያለውን፣ ስፖርት ሲበዛ የሚመጣውን አደጋም ልሸሽገው አልፈልግም። ጄምስ ኮልማን የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ክብር የሚሰጠው ለጎበዝ ተማሪ ሳይሆን ለስፖርተኛው መሆኑን አሳይቶ አስጠንቅቋል። በቴክሳሷ ኦዴሳ የአንድ ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን መላውን ከተማ እንዴት እንደያዘ፣ ልጆቹም የአዋቂዎችን ሸክም ተሸክመው እንዴት እንደተጎዱ የተጻፈው መጽሐፍ ሰፊ አንባቢ አግኝቷል። እነሱ ስፖርቱ ከመብዛቱ የተነሣ ታመሙ፤ እዚያ ለመድረስ እኛ ብዙ ይቀረናል። የሚቀርበን ምሳሌ ኬንያ ናት። እዚያ የትምህርት ቤቶች ስፖርት በትምህርት ወቅቶች (በተርም) ተከፋፍሎ፣ ቅርጫት ኳስ በአንዱ፣ እግር ኳስና መረብ ኳስ በሌላው ይካሄዳል፤ ልጁ ሁለቱንም ሊጫወት ይችላል፣ መምህሩም ዓመቱን አስቀድሞ ያውቀዋል። አሸናፊዎቹ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከሩዋንዳ አቻዎቻቸው ጋር በምሥራቅ አፍሪካ ጨዋታዎች ይገናኛሉ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በደርባን የመጀመሪያውን አህጉራዊ የትምህርት ቤቶች ፍጻሜ ሲያዘጋጅ፣ የሴቶቹን ዋንጫ የወሰደው የታንዛኒያው ፋውንቴን ጌት ትምህርት ቤት ነበር፤ ለአሸናፊ ትምህርት ቤት የተመደበው ሽልማት 300 ሺህ ዶላር ነው። እንዲህ ያለ በር ተከፍቶ ሳለ በአራት ቀን ውድድር የተሰባሰበ ቡድን ይዞ መሄድ ዕድልን መግፋት ነው።

ጠብ ይነሳል የሚለው ስጋት ከልብ የመነጨ ስለሆነ በአንድ ቃል አላልፈውም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በትልቁ ሊግ ሳይቀር በደጋፊዎች ግጭት ጨዋታ ሲቋረጥ አይተናል፤ የጎረቤት ከተሞች ፉክክር ደግሞ ከኳስ ውጭ የሆነ ቂም ሊሸከም ይችላል። ይሁንና የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ቁጣን የሚያባብሰው ሁሉንም ነገር በአንድ ፊሽካ ስለሚጨርስ ነው። ስድስት ጨዋታ ባለበት የአንዱ ቀን የዳኛ ስህተት ሦስት ነጥብ ያስከፍላል እንጂ ዓመቱን አይቀብርም። ጨዋታው ተማሪ ለተማሪ፣ በጠዋት፣ ውርርድና ሽልማት ገንዘብ በሌለበት፣ አስተናጋጁ ትምህርት ቤት እንግዳውን ምሳ አብልቶ የሚሸኝበት ይሁን። ቆሎና ዳቦም ቢሆን ይበቃል። አብሮ ከበላ ልጅ ጋር መደባደብ በዚህ አካባቢ ባህል ነውር ነው።

ወጪውን እንመልከት፤ ቀጠሮ ሰጥቼበት ነበርና። ሰባት ቡድን ባለበት ሊግ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ በሜዳው ያስተናግዳል፣ ሦስት ጊዜ ይጓዛል። ስለዚህ ለአንድ ስፖርት በዓመት የሚያስፈልገው ሦስት የደርሶ መልስ ጉዞ ነው፤ ለሁለቱም ስድስት። የሴቶቹና የወንዶቹ ቡድን አብረው ስለሚሄዱ ጉዞው አይደገምም። በአይሱዙ ላይ ተጭነው ይሂዱ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ሊጉ ባይጀመር ይሻላል። በአንጻሩ አሁን ያለው አሠራር ልጆቹን ሁሉ በአንድ ከተማ ለቀናት ያሳድራል፤ አበል፣ መኝታ፣ ምግብ፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ሥነ ሥርዓት ይከፈልበታል፣ ግማሹም ልጅ በሁለተኛው ቀን ተመልካች ይሆናል። አንድ የክለብ ተጫዋች ለማስፈረም የሚከፈለው ገንዘብ ስንት ሚኒባስ እንደሚያንቀሳቅስ ለማስላት የበጀት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ከተማ አስተዳደሩ ለክለቡ ከሚመድበው ላይ ትንሽ ቆርሶ ለዚህ ቢያደርገው ክለቡም አይጎዳም፤ ነገ የሚያስፈርመውን ልጅ ከሌላ ዞን ሳይሆን ከሺንሺቾ ወይም ከዳምቦያ ያገኘዋል።

የቀሩት ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። እሑድ አብዛኛው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ስለሚውል ጨዋታው ቅዳሜ ይሁን፤ ቅዳሜን ለሚያከብሩ ቤተሰቦች ልጆች ዓርብ ከሰዓት የሚጫወቱበት ሳምንት ሊመቻች ይችላል። የገበያ ቀን የሚውልበት ከተማ ሰዓቱን ቀደም ያድርግ። ውጤቱን ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የሚያነበው ሚኒ ሚዲያው ነው፤ የጨዋታ ዘገባ መጻፍ ለአማርኛም ለእንግሊዝኛም መምህር የተሻለ የድርሰት ርዕስ ነው፣ "የዝናብ ጥቅም" ከሚለው በላይ። የየትምህርት ቤቱ የወላጅና መምህር ኅብረት (ወመህ) አንድ አንድ አባል ወክሎ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ያቁም። ዳኛ የሚያሳስብ ከሆነ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በዱራሜ ካምፓስ አለው፤ የዳኝነት ሥልጠና ለመውሰድና ቅዳሜን ለማሳለፍ ፈቃደኛ የሚሆን ተማሪ እዚያ አይጠፋም፣ ለጀማሪ ዳኛም ከተማሪ ጨዋታ የተሻለ መለማመጃ የለም። ዞኑ ውስጥ ያሉ ሰባት ርዕሰ መምህራንና የስፖርት መምህራኖቻቸው ከትምህርት መምሪያውና ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ተወካዮች ጋር ነሐሴ ውስጥ ግማሽ ቀን ቢቀመጡ ዕጣው ወጥቶ ያድራል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ የሚያርፈው ማን እንደሆነ ካወቅን በኋላ የሚቀረን የቀለበቶቹ ብየዳ ነው።